ስልካችንም አማና ነው



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።  በዛሬው ዝግጅታችን ከሁላችንም ኪስ ስለማይጠፋው ስለ ሞባይል ስልክ እንነጋገራለን።

ሞባይል በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ያኔ ስልክ የድምፅ መነጋገሪያ ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም-ፔሳ ከተጀመሩ ወዲህ ግን ስልካችን የገንዘብ ቦርሳችንም ሆኗል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ ቡና በሚለቀምበት ወቅት የስንት ቤተሰብ የዓመት ቀለብ፣ የልጆች ደብተርና ልብስ በዚህች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያድራል። አማና ስንል ሰው ያስቀመጠብን ዕቃ ብቻ ይመስለናል። ይሁንና የቤተሰባችን ሐቅ ያለበት ነገር ሁሉ አማና ነው።

ባለፈው የቡና ወቅት አንዲት እናታችን ከጁሙዓ ሰላት በኋላ እያለቀሱ መጡ። እሸት ቡና ሸጠው ገንዘቡ በስልካቸው ገብቶ ነበር። በማግስቱ አንድ ሰው ደውሎ በትሕትና «እናቴ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን በመልእክት የሚመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» አላቸው። ነገሩት። ቀጥሎ «ለማረጋገጥ ነው» ብሎ የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቃቸው፤ እሱንም ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ ሂሳባቸው ባዶ ሆነ። ከሁሉ ያሳዘነን ለሦስት ቀናት ለልጆቻቸው ሳይናገሩ መቆየታቸው ነው። «ሞኝ ይሉኛል ብዬ አፈርኩ» አሉን። ማፈር የሚገባው የሰረቀው እንጂ የተሰረቀው አይደለም። ወዲያው ቢናገሩ ኖሮ ቢያንስ ለድርጅቱና ለፖሊስ በጊዜ ማሳወቅ ይቻል ነበር።

ነገሩ እንዴት ይሠራል? በመልእክት የሚመጣው ቁጥር የበር መክፈቻ ማለት ነው። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ ሆኖ የእኛን ሂሳብ ለመክፈት ሲሞክር ድርጅቱ «ባለቤቱ ይህ ሰው ነውን?» ለማለት ቁጥሩን ወደ እኛ ስልክ ይልካል። ቁጥሩን ስንነግረው «አዎ፣ ባለቤቱ እሱ ነው» ብለን መሰከርንለት ማለት ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ስንጨምርለት ደግሞ ሣጥኑን ከነቁልፉ አስረከብነው። ስለዚህ ደዋዩ ከባንክ ነኝ ቢል፣ ከቴሌ ነኝ ቢል፣ ስማችንን ከነአባታችን ቢጠራ እንኳ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንነግርም። ስልኩን ዘግተን ራሳችን ወደ ድርጅቱ እንደውል ወይም ወደ ቅርንጫፉ እንሂድ።

ቡና ስንሸጥም እንጠንቀቅ። ገዢው «ልኬልሃለሁ» ብሎ በራሱ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ቢያሳየን ወይም አጭር መልእክት ቢደርሰን ይህ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ፎቶም መልእክትም ሊቀናበር ይችላልና። ጀንፈሉ ከመጫኑ በፊት የራሳችንን ሂሳብ ከፍተን ቀሪውን እንይ። «በስህተት ገንዘብ ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ቢደውልም መጀመሪያ ሂሳባችንን እንይ። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነ የእኛ አይደለምና መብላት ሐራም ነው። ስንመልስ ግን ደዋዩ በነገረን ቁጥር ሳይሆን በድርጅቱ በኩል ይሁን። ስልክ ከጠፋ ደግሞ «ይገኝ ይሆናል» ብሎ ማደር አያስፈልግም፤ ሲም ካርዱን በዚያው ሰዓት ማስዘጋት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች! የገንዘብ ጉዳት ከባድ ቢሆንም ከዚያ የከፋ አለ። እሱም በስልክ የሚዛመት ወሬ ነው። በየካቲት 2003 ዓ.ም. በዞናችን በአሰንዳቦና በአካባቢው የሆነውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነስቶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጎረቤቶቻችን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ያ ሁሉ ሲሆን ቪዲዮ የሚያስተላልፍ ስልክ እንደ ዛሬው በየሰው እጅ አልነበረም። ዛሬ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ አንድ ወሬ ከጅማ ተነስቶ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ አገር ያዳርሳል። ታዲያ ዛሬ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ አመጸኛ ሰው ወሬ ሲያመጣልን እንድናጣራ አዞናል። ምክንያቱንም አብሮ ነግሮናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በሠራነው ነገር እንዳንጸጸት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ለውሸታምነት ይኸው እንደሚበቃው ማስተማራቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ጣት በመጫን ማስተላለፍም ማውራት ነው። «እኔ አላልኩም፣ የመጣልኝን ነው የላክሁት» ማለት አላህ ዘንድ አያድነንም። በአገር ሕግም የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያስጠይቃል።

ስለዚህ ደም የሚያፈላ ነገር ሲደርሰን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህን የተናገረው ማን ነው? ምስሉ የት፣ መቼ የተነሳ ነው? የዛሬ አምስት ዓመት በሌላ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ «ትናንት እዚህ ሆነ» ተብሎ ሊመጣ ይችላልና። ሦስተኛ፣ እውነት ቢሆንስ ማስተላለፌ ማንን ይጠቅማል? መልሱን ካላወቅን እኛ ጋ ይቁም።

በመጨረሻም ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ስልኩን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ እኛ ደግሞ ሰውን ከእነሱ በላይ እናውቃለን። ከመግሪብ በኋላ አንድ ቀን አብረን እንቀመጥ። እነሱ ሂሳብ ማየቱንና የሚስጥር ቁጥር መቀየሩን ያሳዩን፤ እኛ አታላይ እንዴት እንደሚናገር እንንገራቸው። ከዚያም አንድ ቃል እንጋባ፤ ከዚህ ቤት ማንም ቢታለል አይወቀስም፣ ዳሩ ግን ያን ዕለት ይናገር።

አላህ ገንዘባችንን ከሌባ፣ ምላሳችንንና ጣታችንን ከበደል ይጠብቅልን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።