ለመስክ ሥራ የሚሆን ቢላዋ አመራረጥ

ከማረሻውና ከማጭዱ ቀጥሎ ገበሬ በየቀኑ የሚይዘው መሣሪያ ቢላዋው ነው። ጠፍር ይቆርጥበታል፤ ቅርንጫፍ ይመለምልበታል፤ ከብት ሲታረድ ቆዳ ይገፍፍበታል፤ መንገድ ሲወጣም በወገቡ ታጥቆት ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ በሬ ሲገዛ ጥርሱንና ሰኮናውን አገላብጦ የሚመረምር ሰው፤ ቢላዋ ሲገዛ ግን ብልጭታውን ብቻ አይቶ ገንዘቡን ይከፍላል። በዚህ ቸልታ የሚደርሰው ጉዳት ከቢላዋው ዋጋ እጅግ የበለጠ ነው።

ጉዳቱ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በቆዳና በሌጦ ላይ ነው። በበዓል ቀን በግ ታርዶ ሲገፈፍ፤ ጫፉ የሾለው የማረጃ ካራ በሥጋውና በሌጦው መካከል እየገባ በውስጥ በኩል ይጭረዋል፤ አለዚያም ፈጽሞ ይበሳዋል። ሌጦው ጥሬ ሳለ ጭረቱ ለዓይን ያን ያህል አይጎላም። ነገር ግን በሞጆና በሌሎች ከተሞች ባሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ጠጕሩ ተነሥቶ ሲለፋ ጉድለቱ ሁሉ ይገለጣል። ጫማና ጓንት ሠሪ የሚፈልገው ሰፊና እንከን የሌለበት ገጽ ስለ ሆነ፤ በመካከሉ የተበሳው ሌጦ ደረጃው ዝቅ ይላል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። እንስሳውን ብዙ ወራት የቀለበ ገበሬ በጥቂት ደቂቃ ስሕተት የድካሙን ዋጋ አጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ለማረድ አንድ፤ ለመግፈፍ ሌላ ቢላዋ መያዝ ይገባል። የመግፈፊያው ስለት ወደ ላይ ጎበጥ ያለ፤ ጫፉም ያልሾለ ይሁን፤ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። በግና ፍየል ሲገፈፍ ግን ቆዳው በቢላዋ ከተከፈተ በኋላ፤ አብዛኛውን ክፍል በጡጫ እየገፉ ማላቀቅ ከሁሉ ይሻላል። ለልዩ ልዩ የመስክ ሥራ ደግሞ ስለቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፤ የጀርባው ውፍረትም 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ቢላዋ ለእጅ ይስማማል።

ከቅርጹ ቀጥሎ ብረቱን መመርመር ያስፈልጋል። ካርቦን የበዛበት ብረት በድንጋይ ቶሎ ይሳላል፤ ስለቱንም ይይዛል፤ ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ካደረ ይዝጋል። የማይዝገው ብረት ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም ያለበት ነው፤ ለዝናብና ለደም ይበረታል፤ ሆኖም ርካሹ ዓይነት ለስላሳ ስለ ሆነ ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል። ገዢው ጥሩ ሞረድ ይዞ የስለቱን ጠርዝ በቀስታ ቢነካው ይለየዋል፤ ሞረዱ በቀላሉ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ካንሸራተተው ግን ጠንካራ ነው።

የአገራችን ባለ እጆች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚቀጠቅጡት ቢላዋ በአግባቡ ከተሠራ ከውጭ ከሚመጣው አያንስም። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ስላለበት ይጠነክራል፤ የቤት መሥሪያ ፌሮ ግን ካርቦኑ ጥቂት ስለ ሆነ ለስለት አይሆንም። ባለ እጁ ብረቱን ማግኔት እስከማይስበው ድረስ አግሎ በዘይት ይነክረዋል፤ ከዚያም የገለባ መልክ እስኪይዝ ድረስ እንደ ገና በመጠኑ ያሞቀዋል። ይህ ሁለተኛው ሙቀት ከቀረ ቢላዋው እንደ ሸክላ ይሰበራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ከልክለዋል፤ እኛም እንዲህ ያለውን ሙያ በማክበር ተገቢውን ዋጋ ልንከፍልለት ይገባናል።

እጀታው ከወይራ ወይም ከቀንድ ቢሠራ መልካም ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀና በምስማር የተያያዘ መሆኑን ማየት ያሻል። ሰንጢ ለኪስ ይመቻል፤ ነገር ግን መቆለፊያ ከሌለው በሥራ መካከል ታጥፎ ጣት ይቆርጣል፤ በመታጠፊያውም ደምና እድፍ ይሰበሰባል። ስለዚህ ለመግፈፍ አይመረጥም።

ቢላዋው ከሥራ በኋላ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፤ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ ይቀመጥ፤ እርጥብ ሆኖ ወደ አፎቱ አይመለስ። ዶልዱሞ ከሆነም ሰው ኃይል ጨምሮ ስለሚጫነው እጁን ያቆስላል፤ ስለዚህ ሳይዶለዱም በፊት መሳል ነው። ከሁሉ በላይ ግን በድንገት የሞተ ከብት በምንም ዓይነት ቢላዋ አይገፈፍ፤ ምክንያቱ አባ ሰንጋ ከሆነ በሽታው በትንሽ ቁስል በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ከብቱን ሳይነኩ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ነው።

መልካም ቢላዋ በጌጡ አይታወቅም፤ ከዓመት በኋላም በዚያው እጅ መገኘቱና ሌጦውን ያለ ቀዳዳ ለገበያ ማድረሱ ይመሰክርለታል።