የሙት ልጅ ከተዝካሩ በኋላ

በጎጃም፣ ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ መንደሮች እናትና አባቱን ያጣ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ አይወድቅም። አክስት ትወስደዋለች፤ አያት ታቅፈዋለች፤ ዘመድ ከሌለም የክርስትና እናት “ልጄ ነው” ትላለች። ይህ በወረቀት ያልሰፈረ፣ ከመንግሥትም ከድርጅትም የቆየ ደግነት ነው። ከባዱ ነገር የሚመጣው ልጁ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

የስድስት ዓመት ልጅ እስኪጠግብ በልቶ ይነሳና ከመሶቡ እንጀራ ቆርሶ መደቡ ላይ ከተነጠፈው ቁርበት ሥር ይደብቃል። ከቀናት በኋላ ሻግቶ ይገኛል። ቢቸና የጤፍ አገር ናት፤ ጎተራው ሙሉ በሆነ ቤት እንጀራ መደበቁ አሳዳጊዋን ያሳፍራታል፣ ያበሳጫታልም፤ “ምን አጎደልኩብህ?” ትላለች። ሌላዋ ልጅ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ አታለቅስም፤ የማታውቀው ሰው “ነይ” ቢላት ግን እጁን ይዛ ትሄዳለች። ሦስተኛው በሩ በኃይል ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባል። መንደሩ እንዲህ ያለውን ልጅ “አመለ ቢስ” ወይም “የእጅ አመል ያለበት” ይለዋል። ፍርዱ ቸኩሏል።

የሕፃን አንጎል የሚያድገው ከሰው ጋር በሚያደርገው ምልልስ ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አንድ ሰው ያነሳዋል፤ ይስቃል፣ ይሳቅለታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሕፃኑ “ስፈራ የሚደርስልኝ አለ” የሚለውን ይማራል። ካናዳዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ሜሪ አይንስወርዝ ይህን ትስስር በቅርብ ማጥናት የጀመረችው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ወደ 26 ቤተሰቦች እየተመላለሰች እናቶችና ሕፃናት እንዴት እንደሚውሉ መዘገበች። የተረጋጉት ሕፃናት እናታቸው ምልክታቸውን ፈጥና የምትረዳላቸው እንደነበሩ አስተዋለች።

ያ ምልልስ በሞት፣ በረሃብ ወይም በጦርነት ሲቋረጥ አደጋን የሚያነፈንፈው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ እረፍት እንደተከለከለ ዘብ ሌት ተቀን ነቅቶ ይቆያል። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞንም ሥርዓቱን ይስታል። በጤናማ ልጅ ላይ ማለዳ ከፍ ብሎ ወደ ማታ ዝቅ ይላል፤ በተጎሳቆሉና ከቤት ቤት በተንከራተቱ ሕፃናት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማለዳው ከፍታ ደብዝዞ ይገኛል። ስለዚህ እንጀራ የሚደብቀው ልጅ ሌብነት አልለመደም። አንድ ጊዜ ምግብ እንደሚያልቅ አይቷል፤ ሰውነቱ ያንን አልረሳም። የማታለቅሰዋም ብታለቅስ የሚመጣላት ሰው ያልነበረበትን ጊዜ ኖራለች።

ይህ ጉዳት ይጠገናል ወይ? ጠንካራ ከሚባሉት መልሶች አንዱ የመጣው ከሩማንያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና በቡካሬስት የሕፃናት ማሳደጊያዎች ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። 68ቱ ሥልጠናና ክትትል ወዳገኙ አሳዳጊ ቤተሰቦች ሄዱ፤ 68ቱ በነበሩበት እንክብካቤ ቀጠሉ። በአራት ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው ሲለኩ፣ ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ችሎታ መለኪያ በአማካይ 81፣ ማሳደጊያ የተመደቡት 73 ገደማ አገኙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ተሻሻሉ። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ተስፋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ወደ እንግሊዝ በማደጎ የሄዱ የሩማንያ ልጆች እስከ ጉልምስና ተከታትለው ሲታዩ፣ ከስድስት ወር በላይ በማሳደጊያ ከቆዩት መካከል እንኳ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት ያለ ጉልህ ችግር አድገዋል።

የሚጠግነው ምንድን ነው ለሚለው፣ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲዋ ሜሪ ዶዚየር ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀችው ሥልጠና ጥሩ ምሳሌ ነው። ባለሙያ አሥር ጊዜ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል። ከዋና ትምህርቶቹ አንዱ ይህ ነው፦ ልጁ ሲገፋህ እንኳ አትራቅ። የተጎዳ ሕፃን ሲፈራ ፊቱን ያዞራል፣ ይማታል፤ አሳዳጊዋም “አይፈልገኝም” ብላ ትተወዋለች። ያን ጊዜ በዝግታ ቀርባ አጠገቡ ብትቀመጥ፣ ብታባብለው፣ ሲጫወትም ጨዋታውን እሱ እንዲመራ ብትፈቅድለት፣ ከወራት በኋላ የኮርቲሶሉ ዑደት ሳይቀር ወደ ጤናማው እየተጠጋ እንደሚሄድ ተለክቷል። እንጀራ ለሚደብቀውም እንዲሁ ነው። ዱላ ፍርሃቱን ያጸናዋል። የራሱ ሙዳይ ተሰጥቶት ቁራሽ ማስቀመጥ ቢፈቀድለትና ሙዳዩ ባዶ እንደማይሆን በዓይኑ ቢያይ፣ የመደበቁ ነገር እየቀነሰ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ የሙት ልጆችን መታደግ በተግባር ያሳዩ ሰው ነበሯት። አበበች ጎበና አባታቸውን በጣሊያን ጦርነት አጥተው በአያቶቻቸው እጅ አደጉ፤ በአሥር ዓመታቸው ተዳሩ፤ አምልጠውም አዲስ አበባ ገቡ። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ ከሞተች እናቷ ጡት ያልተላቀቀች ሕፃን አገኙ። ያችንና ሌላ ሕፃን ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ከሃያ በለጡ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ብዙ ሺህ ሕፃናት በእጃቸው አልፈዋል።

ሩቅ አገር መሄድ መፍትሔ የመሰለበት ዘመንም ነበር። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በዓመት ከሁለት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ አሜሪካ ብቻ ይሄዱ ነበር። ብዙዎቹ በፍቅር አደጉ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ግን ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ታዳጊ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች፤ ሁለቱም ተፈረደባቸው። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ዜጎች ማደጎ መስጠትን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የአገር ቤቱ አሳዳጊ ነው፤ የተደረገለት ድጋፍ ግን የኃላፊነቱን ያህል አላደገም።

በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ ብዙ አሳዳጊ የማያውቀው ጥበብ አለ። የማደጎ ልጅ ከአብራክ እንደተወለደ ልጅ ይቆጠራል፤ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይበጠስም። ብዙ ቤት ግን እውነቱ ይደበቃል። ልጁ አንድ ቀን በዓመት በዓል ጠብ ወይም በመሬት ውርስ ክርክር መሃል “አንተ እኮ የሰው ልጅ ነህ” ሲባል ይሰማል። በትንሽነቱ በገባው መጠን መንገር፣ የእናቱን ስም መጥራት፣ ያረፈችበትን ቤተ ክርስቲያን ማሳየት ልጁን አያሸሸውም፤ አሳዳጊውን እንዲያምን ያደርገዋል። ለትምህርት ብሎ ከገጠር መጥቶ ሞጣ ወይም ቢቸና ዘመድ ቤት እያገለገለ የሚኖረው ልጅም መታሰብ አለበት። ከቤቱ ልጆች ተለይቶ የሚበላና የሚተኛ ልጅ አሳዳጊ አገኘ አይባልም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ የቀጠለው ግጭት የተኩስ ድምፅ የሚያስበረግጋቸውን ልጆች አብዝቷል። ሌሊት የሚጮህ፣ አልጋ የሚያረጥብ ወይም ከሰው የሚሸሽ ልጅ ወደ ጸበል ሲሄድ አብሮት የሚያድር ሰው ይኑር፤ ሐኪምም ይየው። ቢቸናም ሞጣም ሆስፒታል አላቸው፤ ከዚያ ለከበደው ደብረ ማርቆስ አለ። በየቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለክትባት የምታንኳኳው በር የማደጎ ልጅ ያለበት መሆኑን ብታውቅ ብዙ ማየት ትችላለች።

ጎጃም ሙት አይረሳም፤ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ። በእነዚህ ቀናት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ አሳዳጊዋና ልጁ ብቻቸውን ይቀራሉ። የእድር ዳኞች፣ የሰንበቴና የማኅበር ሰዎች፣ የነፍስ አባቶች፦ ድንኳኑ ሲነሳ ልጁን ማን እንደወሰደው ጠይቁ። በየወሩ አንድ ሰው ተራ ይግባና ያንን ቤት ይጎብኝ፤ አሳዳጊዋ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደርሳ እስክትመጣ ልጁ ከሚያውቀው ሰው ጋር ይቆይላት። ማደጎው በፍርድ ቤት እንዲጸድቅም አብራችኋት ሂዱ።