ባዶ ጠርሙስ ለምን ገንዘብ ሆነ? የጠርሙስ አሠራርና የመቂ ገበያ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው መቂ የምትታወቀው በቲማቲምና በሽንኩርት ነው። ስለ ገበያዋ ሲነሳም ወሬው ሁሉ ስለ ቲማቲም ሳጥንና ስለ ሽንኩርት ኩንታል ነው። ይሁንና በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ሆቴሎችና ግሮሰሪዎች ጓሮ የሚደረደረው ባዶ የቢራና የለስላሳ ሳጥን ራሱን የቻለ ገበያ ነው። ባዶ ጠርሙስ ሳይዝ ቢራ ሊያወጣ የሚሄድ ነጋዴ ለጠርሙሱም ለሳጥኑም ማስያዣ ይጠየቃል። ብዙዎች ይህን ማስያዣ እንደ ተራ ወጪ ይመለከቱታል። ለመሆኑ ጠርሙስ ከምንና እንዴት ይሠራል? ዋጋውስ ለምን ይከብዳል? ይህን የተረዳ ነጋዴ ማስያዣ ማለት በጓሮ የተቀመጠ ካፒታል መሆኑን ይገነዘባል።

ጥሬ ዕቃው

የጠርሙስ ጥሬ ዕቃ ተመዝኖ ሲደባለቅ በፋብሪካ ቋንቋ “ባች” ይባላል። ዋነኛው ሲሊካ አሸዋ ሲሆን፣ ከተለመደው ጠርሙስ ውስጥ ከመቶ 70 በላይ የሚሆነው ሲሊካ ነው። ሲሊካ ብቻውን ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ስለሚፈልግ ነዳጁ አይቻልም። ስለዚህ “ሶዳ አሽ” ይጨመርበታል። ሶዳ አሽ የመቅለጫውን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ነገር ግን ሲሊካና ሶዳ ብቻ የሆነ ብርጭቆ ውኃ ያሟሟዋል። ይህን የሚከላከለው ሦስተኛው ጥሬ ዕቃ፣ የኖራ ድንጋይ ነው።

አራተኛው ስብርባሪ ጠርሙስ ነው። ቀድሞ የቀለጠ በመሆኑ ለመቅለጥ አያስቸግርም። በባቹ ውስጥ ስብርባሪው በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር የምድጃው የኃይል ፍጆታ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ ይቀንሳል። በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌው የሚሰበስበው ጠርሙስ እንደተሰበረም እንኳ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለሙም ያለ ምክንያት አይመረጥም። የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሚሆነው በብረት፣ በድኝና በካርቦን አማካይነት ነው። ብርሃን በሆፕስ ላይ ሲያርፍ ቢራውን መጥፎ ጠረን ያሰጠዋል፤ ቡናማው ጠርሙስ ይህን ብርሃን ይከለክላል። አረንጓዴ ቀለም የሚገኘው ከክሮሚየም፣ ሰማያዊው ደግሞ ከኮባልት ነው።

የማይጠፋው ምድጃ

ባቹ ወደ ምድጃ ገብቶ በ1,500 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። የጠርሙስ ምድጃ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚለኮስ አይደለም። አንዴ ከተቀጣጠለ ቀንና ሌሊት፣ በዓልም ይሁን አዘቦት፣ ለ10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይነዳል። ከቀዘቀዘ ውስጡ ያለው ቅላጭ ይጠጥራል፣ የምድጃው ጡብም ይሰነጠቃል። የገበያው ፍላጎት ቢቀንስም ምድጃው ነዳጁን መብላቱን አያቆምም።

በኢኮኖሚክስ አነጋገር ይህ ከፍተኛ ቋሚ ወጪ ይባላል። ወጪው የሚከፋፈለው ብዙ ጠርሙስ ሲመረት ብቻ ነው። “ቲማቲም በረከሰ ጊዜ መቂ ላይ ድልህ እያዘጋጀን በራሳችን ጠርሙስ ብንሞላ” የሚለው ሐሳብ ሲነሳ መታወስ ያለበትም ይኸው ነው። ድልሁን በአነስተኛ ደረጃ ማዘጋጀት ይቻላል፤ የጠርሙስ ምድጃ ግን የቲማቲም ወቅት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ከጉርሻ እስከ ጠርሙስ

ከምድጃው የሚወርደው ቅላጭ በመቀስ እየተቆረጠ እንደ ጉርሻ ይከፋፈላል። ይህ ጉርሻ “ጎብ” ይባላል። የአንዱ ጎብ ክብደት የአንዱ ጠርሙስ ክብደት ነው። ጎቡ መጀመሪያ ወደ አንደኛው ሞልድ ተገልብጦ ይገባል፤ ቀድሞ የሚሠራውም የጠርሙሱ አፍና አንገት ነው። በዚህ ደረጃ ያለው ወፍራምና አጭር ቅርጽ “ፓሪሰን” ይባላል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሞልድ ይዛወርና በታመቀ አየር ተነፍቶ የመጨረሻ ቅርጹን ይይዛል።

ይህ ሥራ ለዘመናት በሰው ትንፋሽ ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ ሙሉ በሙሉ በራሱ የሚሠራ የጠርሙስ ማሽን አስተዋወቀ። ጠርሙስ የሠፊው ሕዝብ ዕቃ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

አዲሱ ጠርሙስ ወዲያውኑ ቢቀዘቅዝ ውጪው ቀድሞ ስለሚጠጥር በውስጡ ውጥረት ይቀራል፤ ትንሽ ሲነካም ይፈነዳል። ስለዚህ “ሌር” በሚባል ረጅም ዋሻ መሰል ምድጃ ውስጥ ከ550 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲበርድ ይደረጋል። በመጨረሻም የአየር አረፋ የቀረበት፣ አፉ የተዛባ ወይም የተሰነጠቀ ጠርሙስ ተለይቶ ይወጣና ተመልሶ ስብርባሪ ይሆናል።

የመቂ ውኃና ሶዳው

ከላይ የጠቀስነው ሶዳ አሽ ለመቂ እንግዳ አይደለም። የመቂ ወንዝ ከከታር ወንዝ ጋር ሆኖ የዝዋይን (ደንበልን) ሐይቅ ይመግባል። ከዝዋይ የሚተርፈው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብጃታ ይወርዳል። አብጃታ ደግሞ መውጫ የሌለው የሶዳ ሐይቅ ነው። በዚሁ ሐይቅ ዳር በተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃው ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች እየተሳበ፣ በፀሐይ ተንኖ የሚቀረው ጨው ነበር ወደ ሶዳ አሽ የሚለወጠው። የኬንያው ማጋዲ ሐይቅም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሶዳ አሽ ለዓለም ገበያ ሲያቀርብ ኖሯል።

ይሁንና አብጃታ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል። ባለሙያዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል ለሶዳ የሚሳበው ውኃና በላይኛው ተፋሰስ ለመስኖ የሚውለው ውኃ ይገኙበታል። መቂ ላይ ሞተር አስነሥቶ ቲማቲም የሚያጠጣው ገበሬና የጠርሙስ ፋብሪካው በማይተዋወቁበት ሁኔታ የአንድ ውኃ ተጋሪዎች ነበሩ ማለት ነው።

የማስያዣው ሒሳብ

የአዲስ አበባ ጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ ለአሥርተ ዓመታት ለአገር ውስጥ ጠርሙስ ሲያመርት ቢቆይም፣ የመጠጥ ኢንዱስትሪው ከውጭም ሲያስገባ ኖሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚገዛ ጠርሙስም በብር ሲታሰብ በዚያው መጠን ይከብዳል።

ዋጋውን የሚያቀለው ምልልሱ ነው። ለስሌት ያህል አንድ አዲስ ጠርሙስ 30 ብር ያወጣል እንበል። አንዴ ተጠጥቶ ከተጣለ 30 ብሩ በአንድ ቢራ ላይ ይወድቃል። 20 ጊዜ ከተመላለሰ ግን በአንድ ቢራ ላይ የሚያርፈው 1 ብር ከ50 ብቻ ነው፤ ማጠቢያና መጓጓዣው ለብቻው ይታሰባል። በየዙሩ ከ100 ጠርሙስ 5 ቢጎድል አማካይ ዕድሜው 20 ዙር ይሆናል። 10 ቢጎድል ወደ 10 ዙር ይወርዳል። የጉድለቱ በእጥፍ ማደግ የጠርሙሱን ወጪም በእጥፍ ያሳድጋል፤ ልዩነቱም ዞሮ ዞሮ በጠጪውና በቸርቻሪው ላይ ያርፋል።

ነጋዴውም የራሱን ሒሳብ ይመልከት። 100 ሳጥን ባዶ ጠርሙስ ያለው ሰው፣ በሳጥን 24 ሲታሰብ 2,400 ጠርሙስ አለው። ማስያዣው በጠርሙስ 10 ብር ቢሆን 24,000 ብር ጓሮ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በወር አንዴ ከሚዞር ሁለቴ ቢዞር፣ ያለ ተጨማሪ ብድር እጥፍ ዕቃ ያንቀሳቅሳል።

ጥንቃቄውም ቀላል ነው። አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ ቆርኪ በሚገባ ስለማይዝ ፋብሪካ አይቀበለውም፤ ስለዚህ ቆርኪን በጠርሙስ ጠርዝ ወይም በጠረጴዛ እየመቱ መክፈት ይቅር። ነጭ ጋዝ ወይም ዘይት የተቀዳበት ጠርሙስም ለማጠብ ያስቸግራልና ከቢራው ሳጥን ጋር አይቀላቀል። የተሰበረውንም ከቆሻሻ ጋር ከመጣል በቀለም ለይቶ ለቆራሌው ማቆየት ይሻላል።

የመቂ ነጋዴ የቲማቲም ሳጥን ሲበላሽበት ኪሳራውን በዓይኑ ያያል። የቢራ ሳጥን ግን ስለማይበሰብስ ኪሳራው አይታይም። ጓሮውን በየሳምንቱ የሚቆጥር ሰው ያየዋል።