ፖሊስን ማን ይመርምር?

በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. በእስራኤሏ ሆሎን ከተማ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ተደበደበ። ወታደሩ ዳማስ ፓካዳ በመጀመሪያ የታሰረው ፖሊስ መትቷል ተብሎ ነበር። ነፃ ያወጣው ሁሉን ያየው የደኅንነት ካሜራ ነው። ካሜራው ባይኖር ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

ቪዲዮው ሲሰራጭ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሺዎች አደባባይ ወጡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ወታደሩን ጠርተው አነጋገሩት። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ግን በፖሊሱ ላይ ክስ ሳይመሠርቱ ፋይሉን ዘጉት። ብዙዎች ሐዘናቸው የበረታው ከዱላው ይልቅ በዚህ ውሳኔ ነው።

በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የተመራ ኮሚቴ በትውልደ ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ላይ የሚፈጸመውን ዘረኝነት ለመዋጋት ሪፖርት አቀረበ። ፖሊስን የሚመለከቱ ምክሮችም ነበሩበት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2019፣ ሰሎሞን ተካ የተባለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት በሐይፋ ከተማ ኪርያት ሐይም ሰፈር ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። በመላ አገሪቱ መንገዶች ተዘጉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ውጭ መላክ እንደሚፈሩ በይፋ ተናገሩ። ፖሊሱ ጥይቱን ወደ መሬት እንደተኮሰ ተናገረ፤ በ2020 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ።

እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን የሚያጣራው፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የፖሊስ ምርመራ ክፍል ነው። ከፖሊስ የተለየ መዋቅር መሆኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተበደለው ወገን ምርመራው ምን ላይ እንደደረሰ በወቅቱና በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረው፣ የመዋቅሩ መለየት ብቻውን እምነት አያመጣለትም።