ኮከብ፦ ከሰማይ እስከ ስልክ ቁልፍ

ኮከብ በሥነ ፈለክ ትርጉሙ የራሱን ብርሃን የሚያመነጭ፣ በራሱ ስበት የተያዘ ግዙፍ የጋለ ጋዝ ነው። በእምብርቱ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲለወጥ የሚወጣው ኃይል ብርሃንና ሙቀት ይሆናል። በዚህ መስፈርት ፀሐይ ራሷ ኮከብ ናት። ብርሃኗ ምድር ለመድረስ 8 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንዶች ይፈጅበታል፤ ከእሷ ቀጥሎ ቅርብ ከሆነው ከፕሮክሲማ ሴንታውሪ የሚነሣው ብርሃን ግን ከ4 ዓመት በላይ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር አገሮች ለአንዳንድ ከዋክብትና ፕላኔቶች ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ሌላ ፕላኔት ቢገኝ ቶናና በረካ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

የዕለት ተዕለቱ አማርኛ በሳይንሱ መስፈርት አይገዛም። ከንጋት በፊት በምሥራቅ የምትደምቀው አጥቢያ ኮከብ የፀሐይን ብርሃን የምታንጸባርቅ ፕላኔት፣ ቬነስ ናት። ተወርዋሪ ኮከብ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ ጠጠር ወደ ምድር ከባቢ አየር ገብቶ ሲነድ የሚታይ ብርሃን ነው። ጅራታም ኮከብም የበረዶና የአቧራ ክምር ነው። ጥንት ቃሉ በሌሊት ሰማይ ላይ ነጥብ ሆኖ የሚያበራውን ሁሉ ይጠቀልል ነበር። የቅርብ ዘመዱ የዐረብኛው «ከውከብ» ዛሬ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለፕላኔት መሆኑም የዚያው ስፋት ምልክት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ፍቺ ዕጣ ፈንታን የሚመለከተው ነው። በኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ በዐውደ ነገሥት ስሌት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተምነው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ሲገደፍ የሚተርፈው ቁጥር ኮከቡን ይነግራል። የ12ቱ ስሞች ሐመል፣ ሰውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት ሲሆኑ፣ ዐረብኛ መልካቸው ትምህርቱ የመጣበትን መንገድ ያሳያል። እያንዳንዱ ኮከብ ከእሳት፣ ከመሬት፣ ከነፋስ ወይም ከውሃ ይመደባል፤ ለጋብቻ የሚታጩ ሁለት ሰዎች ባሕርያቸው ይስማማ እንደሆነ የሚታየውም በዚህ ነው። ስሌቱ የተመሠረተው በስም እንጂ በተወለዱበት ሌሊት የሰማይ ሁኔታ ላይ አይደለም። ስለዚህ ኮከብ ቆጣሪው ቀና ብሎ ሰማይ ማየት አያስፈልገውም፤ ይህ በሥራው ስም ላይ ትንሽ ይቀልዳል። በሥነ ፈለክ ሚዛን ስሌቱ መሠረት የለውም። ንግግሩ ግን ከእምነቱ ተላቆ ይኖራል፦ ዐውደ ነገሥት ገልጦ የማያውቅ ሰውም ከሥራ ባልደረባው ጋር ሳይስማማ ሲቀር «ኮከባችን አልገጠመም» ይላል።

በሥዕልና በባንዲራ የምናየው የኮከብ ምልክት ከሰማዩ ኮከብ ቅርጽ ጋር አይመሳሰልም። ከዋክብት ሉል ናቸው፤ ጨረር የሚዘረጉ የሚመስሉት ብርሃናቸው በዐይን ሌንስ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበተን ነው። ሥዕል ያንን ጨረር ወደ ሹል ማዕዘን ለወጠው። ስድስት ማዕዘን ያለው የዳዊት ኮከብ የአይሁድ መለያ ሆኖ በእስራኤል ባንዲራ ላይ ይገኛል። አምስት ማዕዘን ያለው በበርካታ አገሮች ባንዲራ ላይ ሲውል፣ ቀይ ሲሆን የኮሚኒዝም ምልክት ነበር። ደርግ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የከፈተውን ዘመቻ «ቀይ ኮከብ» ያለው ከዚሁ ወስዶ ነው፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የሚተርከው ያንን ዘመቻ ነው። በአሁኑ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ መካከል፣ በሰማያዊ ክብ ላይ ያረፈው ቢጫ ኮከብ በ1988 ዓ.ም. የመጣ ነው። ሕገ መንግሥቱ ይህን ዓርማ የሕዝቦች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ መግለጫ ያደርገዋል።

ብልጫን ለማመልከት ኮከብ ከጥንትም ሠርቷል፤ ምኒልክ ያቆሙት የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን አንዱ ነው። የጄኔራሎች ማዕረግም በኮከብ ይቆጠራል። ጎማ አምራቹ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ ሆቴሎች በአብዛኛው የሚመዘኑት እስከ አምስት ኮከብ ነው። በእግር ኳስ ጁቬንቱስ 10ኛ የሊግ ዋንጫውን ሲያነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ማሊያው ላይ ኮከብ አኖረ። የብራዚል ብሔራዊ ቡድን አምስት ኮከቦች አምስቱን የዓለም ዋንጫዎች ይቆጥራሉ። ኮከብ ተጫዋችና የፊልም ኮከብ የሚሉት አጠራሮች የዚሁ ዘር ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሲበዙ ግን ቃሉ ይረክሳል፤ በአንድ ፊልም ላይ የታየ ሁሉ ኮከብ ሲባል ለታላላቆቹ የሚቀር ስም አይኖርም።

አዲሱ ፍቺ የመጣው በስልክ ነው። ኮከቡና መሰላሉ እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ስልኮች ላይ ከቁጥሮቹ ጎን ሲጨመሩ ማሽኑን ለማዘዝ የተዘጋጁ ቁልፎች ነበሩ። በኢትዮጵያ ቀሪ ሒሳብ ለማየት «ኮከብ 804 መሰላል»፣ ቴሌብርን ያለ ኢንተርኔት ለመክፈት «ኮከብ 127 መሰላል» ይባላል። እዚህ ላይ ቃሉ ብርሃንም፣ ዕጣም፣ ክብርም አይደለም፤ በዜሮ ቁልፍ ግራ ያለች ምልክት ብቻ ናት።