ርብራብ ለምን ይወድቃል?

ሕንፃ ካለቀ በኋላ ርብራቡን የሚያስታውሰው የለም። ግንበኛውንና ቀን ሠራተኛውን ተሸክሞ የሚከርመው ግን እሱ ነው።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ከተማ፣ በመሠራት ላይ በነበረው የማርያም ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደረመሰ። ዕለቱ የንግሥ በዓል ነበርና ብዙ ምእመናን ተሰብስበው ነበር። ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

እኔም ባለፈው ክረምት እዚሁ ሮብ ገበያ የቀን ሥራ ስሠራ አንድ ጣውላ ሲወዛወዝ አየሁ። «ጋሼ፣ ይኸ ነገር አልተመታም መሰለኝ» ብላቸው ካቦው «አንተ ልጅ፣ ከፈራህ ቤትህ ግባ» አሉኝ። የቀን ሒሳቤ እንዳይቀር ብዬ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ጣውላው ከዳና አብሮኝ ጭቃ ያቀብል የነበረው ጓደኛዬ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ፤ ዘንድሮም ትምህርቱን አልቀጠለም።

ሰው ይህን ሲሰማ «ዕድሉ ነው» ይላል። ዕድል አይደለም፤ ምክንያት አለው።

አንደኛው የቋሚው ሥር ነው። በክረምት አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም ጣውላ ያልተነጠፈለት ቋሚ ይሰምጣል፤ አንዱ ሲሰምጥ ጭነቱ በጎረቤቱ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ትናንት የጠበቀው ሚስማር ዛሬ ላልቶ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ቋሚና አግዳሚ ብቻ ያለው ርብራብ አራት ማዕዘን ነው፤ ሲገፉት ይንጋደዳል። ሰያፍ እንጨት ሲመታበት ግን ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ጎኑ ካልተሰበረ ቅርፁን አይለውጥም።

አራተኛው ጭነት ነው። ለሦስት ሠራተኛ በተሠራ ርብራብ ላይ ዐሥር ሰው ከወጣ፣ ወይም ብሎኬት ከተከመረ አይችለውም።

ከ5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው በ1 ሴኮንድ ገደማ መሬት ይደርሳል፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምን ሊይዝ ይችላል? ስለሆነም ጥንቃቄው አስቀድሞ ነው፤ ርብራቡን ከግድግዳው ጋር ማሰር፣ በወገብ ልክ መከለያ እንጨት መምታት፣ በተለይ ዝናብ ሲያድር ጠዋት ጠዋት መፈተሽ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያዝዛል። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳም የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ጓደኛዬ ይህን አያውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። ቤተሰቦቹ በግ ሸጠው አሳከሙት።

እንግዲህ እኛ ነገ የምናስተምራቸው ልጆች ክረምት ሲመጣ ለደብተር መግዣ ቀን ሥራ መሄዳቸው አይቀርም። ሦስት ማዕዘኑን በሰሌዳ ላይ ስናሠምር ርብራቡንም እንንገራቸው። «ሰያፉ ሳይመታ አልወጣም» ማለት ፈሪነት አይደለም። እኔ ያን ቀን ማለት ነበረብኝ።