ሜዲካል ትራንስክሪፕሽን፦ ለኮርሱ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን "ሜዲካል ትራንስክሪፕሽን ብማር ያዋጣኛል ወይ? ከቤት ሆኖ ይሠራል ይላሉ" የሚል ጥያቄ እየደጋገመ ደርሶናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ልጅ የሚያሳድጉ እህቶቻችን ናቸው። ገንዘብም ጊዜም የሚያስወጣ ነገር ስለሆነ ዛሬ ዘርዘር አድርገን እንየው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ታካሚውን ካየ በኋላ ያገኘውን በድምፅ ይቀዳል። ትራንስክሪፕሽን የሚሠራው ሰው ያንን እየሰማ ይጽፋል፣ ጽሑፉም የታካሚው መዝገብ ውስጥ ይገባል። መተየብ መቻል ብቻውን አይበቃም፤ የመድኃኒቱን ስም፣ የሕመሙን ቃል፣ የሐኪሙንም አነጋገር መለየት ያስፈልጋል። ክፍያው ብዙ ጊዜ በሰዓት ሳይሆን በመስመር ነው። በተለመደው አሠራር አንድ መስመር የሚባለው ባዶ ቦታው ተቆጥሮ 65 ፊደል ነው። ድምፅ ካልመጣ ክፍያ የለም ማለት ነው፤ ታክሲ ላይ ላለን ሰዎች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢንተርኔት ሲስፋፋ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሥራ ወደ ህንድና ፊሊፒንስ መሄድ ጀመረ። እዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው በአነስተኛ ክፍያ ይገኛል። ደግሞም አሜሪካ ሲመሽ እዚያ ይነጋል፤ ሐኪሙ ማታ የቀዳው ጠዋት ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ችግሩ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ሆስፒታል ሥራውን ለአንድ ድርጅት ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ ፍሎሪዳ ላለች ሴት፣ እሷ ቴክሳስ ላለ ሰው፣ እሱ ደግሞ ፓኪስታን ላለች ሠራተኛ አሳለፉት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሠራተኛዋ ክፍያ ሲቀርባት "ገንዘቤን ካልሰጣችሁኝ የታካሚዎቹን መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አወጣዋለሁ" ብላ ለሆስፒታሉ ጻፈች።

ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 አላባማ ውስጥ የአንዲት ታካሚ ኢንሱሊን 8 ዩኒት መሆኑ ቀርቶ 80 ተብሎ ተጻፈ። ጽሑፉ የተሠራው ህንድ ነበር። ሴትየዋ ሕይወቷ አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዳኞች ለቤተሰቧ 140 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። አንዲት ዜሮ ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው።

አሁንስ? እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ሆስፒታሎች በኮምፒውተር መዝገብ እንዲሠሩ ገንዘብ መደበ፤ ብዙ ሐኪሞችም ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ሶፍትዌርም ተስፋፋ፤ ጸሐፊው አራሚ ሆነ። ማይክሮሶፍት በዚህ ሥራ የሚታወቀውን ኑዋንስን በ19.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መግዛቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አጠናቀቀ። ዛሬ ኤአይ ሐኪሙና ታካሚው ሲነጋገሩ እያዳመጠ ማስታወሻውን ያረቅቃል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮም የዚህ ሙያ ሥራ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነው የሚተነብየው።

ሥራው ጨርሶ ጠፋ አንልም። ማሽኑ ይሳሳታል፣ ያልተባለ ነገር ይጨምራል፣ ስለዚህ የሚያርም ሰው ይፈለጋል። ግን የሚፈለገው ልምድ ያለው ሰው ነው። ለአዲስ ገቢ በሩ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን እነዚህን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ያስመረቃችኋቸው የት ተቀጠሩ? ቀጣሪው እኔ ካለሁበት አገር ሆኖ የሚሠራ ሰው ይወስዳል? ባልጨርስ ገንዘቤ ይመለሳል? "ሥራ እንሰጥሻለን፣ መጀመሪያ ክፈዪ" ካሏችሁ ጥላችሁ ሂዱ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም ከቤት ይሠራል እየተባለ ቅድሚያ ክፍያ ከሚጠየቅበት ነገር ተጠንቀቁ እያለ ሲያስጠነቅቅ ኖሯል።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ከዚያው ከሕክምናው ሳንወጣ፣ አማርኛችን የሚፈለግበት ሌላ በር አለ፤ የሕክምና አስተርጓሚነት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የ40 ሰዓት ሥልጠና የጨረሰ አማርኛ ተናጋሪ "ኮር ሲ ኤች አይ" የሚባለውን ፈተና መፈተን ይችላል። እዚህም በስልክና በቪዲዮ በደቂቃ የሚከፍሉ ድርጅቶች ስላሉ፣ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ኮርሱን ከፍላችሁ የተማራችሁ፣ ሥራ ያገኛችሁም ያላገኛችሁም፣ ከታች ጻፉልን። ገና ልትከፍል ያሰበች እህት ታነበዋለች።